ወለተሩፋኤል የፕሮግራሙን ጓዝ ስታራግፍ

እኔ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ስጮህ ብትሰሙኝ እንዳትደነግጡ ነው። ስሜ ደመቀ ይባላል። ጎንደር፣ ከፒያሳ ዝቅ ብላ በነበረች አንዲት የሳንባ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ኃላፊ ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን ሐኪሙንም፣ ካድሬውንም፣ ከአዲስ አበባ ቦርሳ አንጠልጥሎ የሚመጣውን ባለሙያም አይቻለሁ፤ አንዳቸውም እጄን ባፌ አላስጫኑኝም። ያስጫነችኝ አንዲት ታይፒስት ናት። ወለተሩፋኤል ሐብተ ማርያም ትባላለች።

ወደኛ የመጣችው በ1974 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ታይፕ ተምራ ነው። አጭር ናት፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ታስራለች። ስታስብ የግራ እጇን አንጓዎች ባውራ ጣቷ እየነካች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። መጀመሪያ የምትጸልይ መስሎኝ «ልጄ፣ ይህ ቢሮ ነው፤ ጸሎቱን ለቤተ ክርስቲያን አድርጊው» ብያታለሁ። ሳቅ ብላ «አልጸለይኩም ጋሼ፤ እየቆጠርኩ ነው» አለችኝ።

አባቷ መሪጌታ ሐብተ ማርያም የባሕረ ሐሳብ መምህር ነበሩ። ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚታወቅበት የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ ነው። ወረቀት አይፈልግም፤ በጣት አንጓ ይቆጠራል። ሴት ልጅ ይህን ትማር ዘንድ ልማድ አልነበረም። እሷ ግን አባቷ ለተማሪዎቻቸው ሲያስተምሩ ከጓዳ ሆና ጥጥ እየፈተለች ስትሰማ ስትሰማ ቆይታ፣ አንድ ቀን ተማሪው ሲሳሳት እዚያው ሆና አረመችው። አባቷ ይገርፏታል ሲባል «በይ ነይ ውጭ፤ ከፊት ተቀመጪ» አሏት ይባላል።

በዚያ ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ተቆጥሮ ነበር የሚመጣልን። እንዳይባክን ተብሎ ደንብ ወጣ፦ ስሙ በዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰው ኪኒን አይሰጠውም። ዝርዝሩን የሚያወጣው ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ኮምፒዩተር ነው። እኛ ካርዱን ወደ ቅጽ እየገለበጥን በየሦስት ወሩ እንልካለን፤ እነሱ አትመው ይመልሱልናል። አዲስ የተመዘገበ ሰው የመጀመሪያውን ኪኒን ከሐኪሙ ተቀብሎ ይሄዳል፤ ያ ሲያልቅበት ግን ስሙ መጥቶ ካልጠበቀው ባዶ እጁን ይመለሳል። ከወገራ፣ ከደምቢያ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሲያዘግም ውሎ መስኮቱ ላይ ይቆማል። ከመስኮቱ ወዲህ ያለሁት እኔ ነኝ።

«ስምህ የለም። በሚመጣው ወር ተመለስ።»

«ምነው ጌታዬ? ካርዱ ይኸው እኮ!»

«የለም አልኩህ! ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ እንዴ? ቀጥል!»

እንዲህ ነበርኩ፤ አልዋሽም። ሳል በያዘው ሰው ፊት መጮህ ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። በየቀኑ ያ ሁሉ ሰልፍ፣ ያ ሁሉ ልመና ልቤን አደንድኖት ነበር። ወለተሩፋኤል ከኋላዬ ታይፕ እየመታች ሁሉንም ትሰማለች። አንድ ቀን ሰልፉ ሲበተን «ጋሼ ደመቀ፣ ይህ መድኃኒት ከተቋረጠ ሰው ይገድላል እኮ» አለችኝ። «እኔ ምን ላድርግ ታዲያ!» ብዬ ጮህኩባት። ታይፗን መምታት ቀጠለች።

በ1980 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለኛም ኮምፒዩተር መጣልን፤ ከውጭ በእርዳታ የተገኘ ነው ተባለ። ከእንግዲህ ዝርዝሩን እዚሁ ጎንደር እናወጣለን፤ ዛሬ የመጣ በሽተኛ ስሙ ዛሬውኑ ይገባል። ለማሽኑ ሥልጠና አስቀድሞ አንድ ሰው ይላክ ሲባል ወንዱ ሁሉ ዓይን ያጠፋል እያለ ስለሸሸ፣ ሦስት ወር አዲስ አበባ ተቀምጣ የተማረችው እሷ ናት። ኅዳር ላይ ፕሮግራሙ በዲስክ ተጭኖ ደረሰ። አስገባችው። ማሽኑ ጥቂት አጉረመረመና በእንግሊዝኛ አንዲት መስመር ጻፈ።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ማስታወሻዬ፣ ዕቃ መያዣዬ ማለቱ ነው፣ አይበቃም አለ ጋሼ። ፕሮግራሙ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ኪሎባይት ነው፤ የኛ ማሽን ያለው ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ብቻ ነው።»

አዲስ አበባ ጻፍን። መልሱ አጭር ነበር፦ ፕሮግራሙ የተሠራው ለትልልቅ ማሽን ነው፤ የናንተው እስከ ጥር መጨረሻ ሥራ ካልጀመረ ለሌላ ክፍለ ሀገር ስለሚሰጥ ታሽጎ ይመለስ። እኔማ «አላልኳችሁም! ይቺ ሣጥን ድሮም ለወሬ ነው የመጣችው!» ብዬ ጉድ አፈላሁ። ወለተሩፋኤል ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችና «ስም መዝግቦ፣ ቀን ቆጥሮ፣ ዝርዝር ለማተም ሦስት መቶ ኪሎባይት ምን ያደርግለታል?» አለች። እኔን አይደለም የጠየቀችው፤ ራሷን ነው።

ከዲስኮቹ መካከል ፕሮግራሙ ሰው በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈበት ነበረ። ይህን ጽሑፍ ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚመልሰው፣ ኮምፓይለር የሚሉትም አብሮ ነበረ። እሷ ይህን ጽሑፍ ከፍታ ፕሮግራሙን ልታሳንሰው አሰበች። ፈቃድ የሚሰጠው የክሊኒኩ አስተዳዳሪ ጓድ ተክለ ጊዮርጊስ ነው፤ ፊት ለፊት እርስዎ፣ ዘወር ሲል አንተ የምንለው ሰው። ጠረጴዛውን በእርሳስ እየመታ ሰማትና «ብታበላሺው ስሙ አሻጥር ነው። አሻጥር ደግሞ የት እንደሚያስገባ ታውቂያለሽ» አላት። ኃላፊነቱን እንድትወስድ ወረቀት ላይ አስፈረማት። አንድ ነገርም ጨመረ፦ የምታወጣው ዝርዝር አዲስ አበባ ለጥቅምት ካወጣው ጋር ስም በስም አንድ መሆን አለበት።

ስንወጣ ያዝኳት። «አንቺ ልጅ አብደሻል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ!»

«የብብቴ ባዶ ነው ጋሼ» አለችኝ፤ «ለዚያ መስኮት ምን አለን?»

እኔ መቼም ካርድ እንጂ ማሽን አላውቅም፤ የምነግራችሁ እሷ እንዳስረዳችኝ ነው። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉን ነገር ራሱ አይጽፍም። ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡት፣ ላይብረሪ የሚሉት ዝግጁ ሥራ አለ፤ ስሙን ብቻ ይጠራል። ኮምፓይለሩ ጽሑፉን መልሶ ሲጨርስ የተጠራውን ሁሉ ከመጋዘን እየወሰደ ከፕሮግራሙ ጋር አንድ ላይ ያስረዋል። የተጠራውም በተራው ሌላ ይጠራል። «ለክርስትና አንድ ዘመድ ይጠራሉ» አለችኝ፤ «ዘመድዎ አማቹን፣ አማቹ ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል። ድንኳኑ የሞላው እርስዎ በጠሩት ሰው አይደለም።»

መጀመሪያ ያደረገችው በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ እያንዳንዱ ስንት ቦታ እንደያዘ፣ ማን ማንን እንደሚጠራ ማተም ነው። ፕሪንተሩ ሲንጫጫ አረፈደ። ወረቀቱን የካርድ ክፍሉ ወለል ላይ ዘረጋነው፤ ከበሩ ተነሥቶ ከመስኮቱ ሥር ደረሰ። ጫማዋን አውልቃ ወረቀቱ ላይ ተንበረከከች። እንደ ቁም ጸሐፊ ሁለት ቀለም ይዛለች፤ የሚያስፈልገውን በጥቁር፣ የሚያጠራጥራትን በቀይ። ማታ ወደ ቤት ስንሄድ ወረቀቱ ቀልቶ ነበር።

«ሰውየው ራሱ የጻፈው ከሩቡ አይበልጥም» አለችኝ። «የቀረው ተከትሎ የመጣ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አንዱን ቀይ ትይዝና ማን ጠራው ትላለች። የጠራውን ታገኝና እሱንስ ማን ጠራው ትላለች። እንዲህ እያለች ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄደች ከአንዲት መስመር ትደርሳለች። ከቀዮቹ አንዱ፣ ትልቁ፣ የተራራ ቁመት የሚለካበት ዓይነት ሒሳብ ነበር።

«የተራራ ቁመት ለሳንባ በሽተኛ!» አልኩ።

«ቆይ ጋሼ፣ ማን እንደጠራው እንይ።» ጣቷ ወረቀቱ ላይ ሄደ። ያን ሒሳብ የጠራው ነጥብ ያለው ቁጥር የሚያካፍል ክፍል ነው፤ እሱን የጠራው ደግሞ በጠቅላላው ፕሮግራም ውስጥ አንዲት መስመር ብቻ ናት። የበሽተኛው ዕድሜ ስንት ዓመት ከሩብ እንደሆነ የምታካፍል መስመር።

ደሜ ፈላ። «ለሩብ! ለዓመት ሩብ ብሎ ነው ይህን ሁሉ የጫነብን? ማነው ይህን የጻፈው?»

«አይቆጡ፤ ሰውየው ምን በወጣው። ማሽኑ ሰፊ ነው፤ ሰፊ ቤት ያለው ሰው ምኑን ብሎ ዕቃ ይጥላል?» መስመሯን ሰረዘቻትና በሌላ ተካቻት። እንደ አባቷ ሒሳብ ገድፎ የተረፈውን መያዝ ነው፤ ነጥብ የለ፣ ሩብ የለ፣ ሙሉ ቁጥርና ቀሪ ብቻ። ከዚያ ጽሑፉን እንደ ገና ለኮምፓይለሩ ሰጠችው። ዲስክ አውጣ፣ ዲስክ አግባ፣ አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ እሷ ሹራብ እየሠራች ጠበቀች። ሲያልቅ ፕሮግራሙ ስድሳ ኪሎባይት ቀንሷል። አንዲት መስመር! ወይ ጉድ፣ አልኩ፤ ሰውም እንዲህ ቢቀንስ።

ሁለተኛው ኮከቡ ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት አንድ ትልቅ ኮከብ በቀይ እየተሣለ ይመጣል፤ አብዮቱ መሆኑ ነው። ኮከቡን ለመሣል ብቻ አንድ የሥዕል ላይብረሪ በሙሉ ተጭኖ ነበር። ቀይ ቀለሟን አነሣች።

«አርባ አራቱን! ኮከቡን እንዳትነኪ! ልታሳስሪን ነው?»

ነካችው። በምትኩ ከታይፕ ምልክት ትንንሽ ኮከቦችን በረድፍ ደርድራ አንድ ትልቅ ኮከብ ሠራች፤ ለሱ ምንም ላይብረሪ አያስፈልግም። ጓድ ተክለ ጊዮርጊስ ሊያየው ሲመጣ እኔ ወደ በሩ ሸሸሁ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ቆጥሮ «ብዙ ሆኗል፤ ከፊተኛው ይሻላል» ብሎ ሄደ። ሲወጣ ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን።

ሦስተኛውና የከበደው የቀኑ ነገር ነው። ፕሮግራሙ የኛን ቀን ወስዶ ወደ ፈረንጅ ቀን ይለውጣል፤ በፈረንጅ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን እንደ ገና ወደኛ ይመልሳል። የአገሩ ሁሉ የዓመት ቆጠራ፣ የሳምንቱ ቀናት ስም በስንት ቋንቋ፣ ሁሉም አብሮ መጥቷል። ወለተሩፋኤል በምሳ ሰዓት ለአባቷ ነገረቻቸው። መሪጌታ አርጅተው ዓይናቸው ፈዝዞ ነበር። «ወር ሠላሳ ነው። ጳጉሜን አምስት ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ መግቢያ ስድስት። ከዚህ ወዲያ ምን የሚያስቸግር አለና ነው ፈረንጅ አገር ድረስ የሚሄደው?» አሉ። ቀጠሉና «ለመሆኑ ያ ማሽን በአንድ ጊዜ ስንት ይቆጥራል?» አሉ። በሴኮንድ ብዙ ሺህ ስትላቸው «ታዲያ ይህን ሁሉ እየቆጠረ ወር ሠላሳ መሆኑን አያውቅም?» ብለው ሳቁ። እሷ ተመልሳ ያን ሁሉ ላይብረሪ ነቅላ በምትኩ አሥራ አንድ መስመር ጻፈች። ወሩን በሠላሳ ታበዛለች፣ ቀኑን ትደምራለች፣ ዓመቱን ትጨምራለች፤ በቃ።

ጥር 18 ቀን ጠዋት ፕሮግራሙ ዘጠና አራት ኪሎባይት ሆነ። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት የነበረው! ማሽኑ አላጉረመረመም፤ ማስታወሻ ጠበበኝ አላለም። ለጥቅምቱ ዝርዝር የላክነውን ቅጽ አስቀድማ እንዳለ በዲስክ ገልብጣው ነበር፤ ፕሪንተሩ ተነሣና ስም ማውረድ ጀመረ። እኛ ቅጽ ልከን ሦስት ወር የምንጠብቀው ዝርዝር በሩብ ሰዓት ውስጥ እግሬ ሥር ተቆለለ። እኔ ቁጡው፣ ቃል የማላጣው ሰውዬ፣ እጄን ባፌ ጭኜ ቆሜ ቀረሁ። እሷ የጨመረችው ምንም ነገር አልነበረም እኮ። የማያስፈልገውን ለይታ አውጥታ ነው ያቆመችው። እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ጭንቅላት ከየት ያመጣዋል አልኩ በልቤ።

ከዚያ ማመሳከር ጀመርን። እኔ የአዲስ አበባውን አነባለሁ፣ እሷ የኛን ትሰርዛለች። የአዲስ አበባው አራት መቶ አሥራ ሁለት ስም ነው። የኛው አራት መቶ ሃያ ሦስት ሆነ። አሥራ አንድ ሰው ተረፈ።

የፈረመችው ወረቀት ትዝ አለኝ። «በይ ቀንሻቸው» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «አሥራ አንዱን ሰርዢና ሁለቱ ዝርዝር እኩል ይሁን። ማንም አያይም። ዝም አይነቅዝም።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ከየት መጡ ጋሼ? ፕሮግራም ሰው አይወልድም።»

«ካልቀነስሻቸው ትታሰሪያለሽ!»

«ካርዳቸውን ያውጡልኝ» አለች።

እየተቆጣሁ አወጣሁ። አሥራ አንዱም ካርድ ነበራቸው፤ አሥራ አንዱም እውነተኛ ሰዎች ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸውና መድኃኒት የጀመሩበትን ቀን ማንበብ ጀመረች። ነሐሴ 31። ነሐሴ 33። ነሐሴ 34። ነሐሴ 33። እጇን አንሥታ አንጓዎቿን ነካች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

ጽሕፈቱ የኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ የተላከልን ቅጽ የወር ቦታው አሥራ ሁለት ብቻ ነበር፤ ከፈረንጅ ቅጽ የተገለበጠ መሰለኝ። ለጳጉሜን ቦታ የለውም። እኔም ደሞዝ የማይከፈልባት የወር ጭራ እያልኩ ስንት ዓመት ስቀልድባት ኖሬ፣ በጳጉሜን የመጣውን በሽተኛ በነሐሴ ላይ ቀጥዬ እጽፋለሁ። ጳጉሜን ሦስት ለኔ ነሐሴ ሠላሳ ሦስት ናት። ካርዱንም ቅጹንም እንዲህ ነው የምሞላው። የአዲስ አበባው ፕሮግራም ያ ሁሉ ላይብረሪ ተሸክሞ ነሐሴ ሠላሳ ሦስት የሚባል ቀን የለም ይልና ሰውየውን ይጥለዋል። ጣልኩት እንኳ አይልም። የወለተሩፋኤል አሥራ አንድ መስመር ግን ወሩን በሠላሳ አብዝታ ሠላሳ ሦስት ስትደምርበት ያው ከጳጉሜን ሦስት ላይ ታርፋለች።

«አስቤው አይደለም ጋሼ» አለች። «አላወቅሁም ነበር። የነቀልኩት ነገር ጠባቂ ነበር፤ እኔ ጠባቂ መሆኑን ሳላይ ነው የነቀልኩት። እነዚህ ሰዎች የተገኙት በኔ ዕውቀት አይደለም።» ከዚያ ሳትነሣ ሦስት መስመር ጨመረች፦ ቀኑ የሚያጠራጥር ሰው ሲገኝ ስሙ አይጣልም፤ በዝርዝሩ ግርጌ ለብቻው ይታተማል። ትርፍ ስትቀንስ የከረመች ሴት የመጀመሪያዋን ጭማሪ ያደረገችው ያን ጊዜ ነው። እኔ ዕውቀት ማለት ብዙ ማወቅ ይመስለኝ ነበር። አላወቅሁም ማለት መቻልም ጭምር መሆኑን ያን ቀን አየሁ።

ከሰዓት ጓድ ተክለ ጊዮርጊስ ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጎ ፊቱ ጠቆረ። «አሥራ አንድ ሰው ትርፍ። ምን ብዬ ልጻፍ?» ወለተሩፋኤል አፏን ልትከፍት ስትል ተነሣሁ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «ማሽኑም እሷም ልክ ናቸው። ቀኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።» ካርዶቹን አስቀመጥኩለት፤ ሁሉንም ተናገርኩ። እንዲቆጣኝ ጠበቅሁ። እሱ ካርዶቹን አንድ በአንድ ገለጣቸውና «እነዚህ ሰዎች ከመስከረም ወዲህ ኪኒን አላገኙም ማለት ነው?» አለ። አዎ አልኩ። እርሳሱን አስቀመጠ። «መኪናውን ውሰዱ። ደብዳቤው ይቆይ» አለ። ስለዚያ ሰው የተናገርኩትን ክፉ ነገር ሁሉ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሦስቱ የከተማ ሰዎች ነበሩ፤ በዚያው ቀን በእግራችን ደረስንላቸው። ስምንቱ የወገራ ናቸው። በማግስቱ በላንድሮቨር ወለቃን አልፈን ሽቅብ ወጣን። አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ነበር፤ እየጠየቅን ከገበያው ውስጥ ሁለቱን አገኘን፤ ሌሎቹን በየመንደሩ። አንደኛው ለሰፈራ ወደ መተከል ተወስዷል። አንዲት ሴት በታኅሣሥ ሞታለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። እናቷ ደረቷን እየደቃች ስታለቅስ ወለተሩፋኤል አቅፋት አብራ አለቀሰች፤ እኔ ከመኪናው ጀርባ ሄጄ ግንባሬን ከብረቱ አስደግፌ ቆምኩ። ያችን ሴት የገደልኳት እኔ ነኝ አልኩ ለራሴ። እስከ ዛሬም ይህን የሚፍቅ ቃል አላገኘሁም።

የመጨረሻው አያ አላምረው ነበር። ቤቱ ከመንገዱ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ሚስቱ ይመኙሽ በራፍ ላይ ተቀበለችን፤ ከየት ናችሁ ስትል ከጎንደር፣ ከሳንባ ክሊኒኩ አልናት። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ሁለት ጊዜ መጥቶላችሁ ነበር እኮ» አለች። «በጥቅምትም በኅዳርም። ያ መስኮት ላይ ያለው ሰው ስምህ የለም እያለ ጮኾበት መለሰው። ሁለተኛውን ጊዜ ሲመለስ፣ ስሜን እግዚአብሔርም ሰውም ፍቆታል፣ ተዪኝ አለና ይኸው ተኛ።»

ገባን። አያ አላምረው መደብ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል፤ ከዓይኑ በቀር የቀረ ነገር የለውም። ወለተሩፋኤል አጠገቡ ተንበርክካ ዝርዝሩን ዘረጋችና ስሙን ከነአባቱ ስም አነበበችለት።

«ድገሚው እስቲ» አለ።

ደገመችለት። አያ አላምረው በጋቢው ጫፍ ፊቱን ሸፈነ። ትከሻው ሲርገፈገፍ ይታየኛል። ይመኙሽ «ተመስገን፣ ተመስገን» ትላለች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ መውጫ አጣሁ። ብሸሽ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን አልሆነልኝም። ጠጋ አልኩና «አያ አላምረው፣ መስኮቱ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ጋቢውን ከፊቱ አወረደና አየኝ። ይመኙሽ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«በድምፅህ አውቄሃለሁ፤ ገና በራፍ ላይ ሳለህ» አለ። ሳል ያዘው፤ እስኪያልፍለት ጠበቅነው። ከዚያ ወለተሩፋኤል የያዘችውን የኪኒን ከረጢት አየና ለሚስቱ «ውኃ አምጪልኝ» አላት። እኔን ደግሞ «አንተው በእጅህ ስጠኝ» አለኝ።

ከረጢቱን ተቀበልኳት። ቆጥሬ መዳፉ ላይ አኖርኩለት፤ እሱም አንድ በአንድ ዋጣቸው።